ጅራታ የት ኖረ?

ባለቤቴ ጅራታ ሱዳን፣ መላካል፣ የመርከብ መጠገኛ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ የአራት ዓመት ላቡ አንድ የወፍጮ ሞተር ነበር። ከጋምቤላ እስከ መቱ በጭነት መኪና ስናመጣው መንገዱ ጭቃ ነበርና ሦስት ቀን ፈጀብን። ግቢያችን ውስጥ አውርደን በሸራ ሸፈንነው። የቀረን የወፍጮ ፈቃድ ነው። ለፈቃዱ ደግሞ ከግብር ዕዳ ነጻ መሆናችንን የሚገልጽ ወረቀት አምጡ ተባልን። ያቺ ወረቀት ናት ያቃጠለችኝ።

የመቱ ግብር ቤት ጸሐፊ ገብረ መድኅን ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ኦሮምኛ እችላለሁ ማለት የሚወድ ሰው ነው። ይህ ከክፋት ይብሳል። በአዲሱ አዋጅ መሠረት፣ ውጭ አገር ሠርቶ የመጣ ሰው በየዓመቱ ከስድስት ወር በላይ አገሩ ላይ ከኖረ «ነዋሪ» ይባልና ውጭ ላገኘውም ደመወዝ ይገብራል፤ ካልኖረ አይገብርም። የኛ ጉዳይ እንግዲህ ምን ያስቸግራል? ሰውየው መላካል ነበር፣ አለቀ።

ቅጹ በሚሞላበት ቀን ልጃችን ሽብሬ አተኩሷት እኔ ቤት ቀረሁ። ጅራታ የዳሪሙ ገጠር ልጅ ነው፤ አማርኛው እምብዛም ነው። ገብረ መድኅን ስሙንና የአባቱን ስም ጽፎ «ነዋሪ» የምትለው ላይ ሲደርስ ሊያግዘው ፈለገና በኦሮምኛ ጠየቀው።

«ጅራታ?»

«ኤዬ» አለ ባለቤቴ። አዎ ማለቱ ነው። ምን ይበል? ስሙ ነው!

ነዋሪም በኦሮምኛ ጅራታ ነው። እናቱ ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባት፣ ይህ እንኳ ይኑርልኝ ብላ ያወጣችለት ስም ነው። ጸሐፊው ለየዓመቱ አንድ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ «ጅራታ?» አለው። የኔው የዋህም መንግሥት ቤት ስም ደጋግመው ይጠሩ ይሆናል ብሎ አራት ጊዜ «ኤዬ» አለ። ከዚያ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። የተጻፈበት ግብር የሞተሩን ዋጋ ሊያህል ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ሄድኩ።

«በስሙ ጠርተውት እኮ ነው አቤት ያለው!» አልኩት። «ስሙን ከላይ የጻፉት ራስዎ ነዎት!»

ገብረ መድኅን ቅጹን አየ፣ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደነገጠ። «እትዬ በየነች፣ በእውነት አዝናለሁ» አለኝ። «ግን የተፈረመ ነገር እኔ አልሰርዝም። ጎሬ ሄዳችሁ ለኃላፊው አመልክቱ።»

ሐዘኑ ለራሱ ይሁን። ጎሬ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። አንዴ ኃላፊው የለም፤ አንዴ ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ገባን። ኃላፊው፣ ጅራታ ከመላካል ያመጣውን የሥራ ወረቀት አገላብጦ አየና «ይህ የባዕድ ማኅተም ነው፤ የአገር ሰው ምስክር አምጡ» ብሎ መለሰን። ሳቄም እንባዬም መጣ። ሰውየው አገር ውስጥ ካልነበረ የአገር ሰው ምኑን አይቶ ይመስክር?

ቢሆንም ጎረቤታችንን ጋሼ ነገራን ይዘን በአራተኛው ሄድን። መቱ ላይ የእሳቸው መሐላ የታመነ ነው። እንዲህ ብለው ማሉልን፦ «አራት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው የኢትዮጵያን አፈር አልረገጠም። እሷም ብቻዋን ስትንከራተት በዓይኔ አይቻለሁ።»

ደስ አለኝ። የኃላፊው ዓይን ግን ጀርባዬ ላይ ወዳለችው ሽብሬ ሄደ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሁለት ሊሞላት ነው» አልኩ ሳላስበው። ኃላፊው ብዕሩን አነሣ።

እውነቱን ነገርኩት። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ባሮ ወንዝ ሲሞላ ጅራታ ሞተሯን ሊጠብቅ የተሳፈረባት መርከብ ጋምቤላ መጣች። ላከብኝ፣ ወረድኩ። ሁለት ወር ጎጆ ተከራይተን ከረምንና ውኃው ሳይጎድል በመርከቧ ተመለሰ። መቱ ስላልመጣ ጋሼ ነገራ አላዩትም።

«ጋምቤላ ኢትዮጵያ አይደለም?»

«ነው፣ ጌታዬ። ግን ሁለት ወር ነው፤ ስድስት አይደለም።»

«ሁለት ይሁን ስምንት ማን ቆጠረ? ምስክራችሁ አፈሩን አልረገጠም ብሎ ምሏል፤ አንቺ ረግጧል ትያለሽ። እንግዲህ ወይ ሰውየው እዚህ ነበር፣ ወይ ልጅቷ የእሱ አይደለችም። አንዱን ንገሩኝና ልጻፍ።»

ጋሼ ነገራ አንገታቸውን ደፉ። ሊረዱን ብለው ነው አብዝተው የማሉት።

አልዋሽም፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የእሱ አይደለችም ብል ምን እሆናለሁ? ወረቀት ነው፤ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ማን ያነበዋል? ሞተሩ ይተርፋል። ዘወር ብዬ ጅራታን አየሁት። እሱ አላየኝም፤ ሽብሬን ነበር የሚያየው።

«ልጅቷ የኔ ናት» አለ በዚያች አማርኛው። «እዚህ ነበርኩ፣ ብለው ይጻፉ።»

ሞተሩን የገዛን ኩማ የሚባል የመቱ ነጋዴ ነው። ገንዘቡ ከእጃችን ወጥቶ ግብር ቤት ገባ። ኩማ ሞተር ማስነሳት አይችልምና ጅራታን በወር ደመወዝ ቀጠረው። ከደመወዙም ግብር ይቆረጣል። ከተማው በሙሉ እዚያ ያስፈጫል። እኔ አንድ ቀን እህል ይዤ ሄጄ አላውቅም፤ በድንጋይ እፈጫለሁ፣ ወገቤንም ይቁረጠኝ።

ጅራታ ከሥራ ሲመለስ ዱቄት ለብሶ ነው። «የሰው ዱቄት ቤቴ አታስገባብኝ፣ ደጅ አራግፍ!» እለዋለሁ። እሱ ማራገፍ ሳይጀምር ሽብሬ ሮጣ እግሩ ላይ ትጠመጠማለች፤ ፀጉሯም ልብሷም ነጭ ይሆናል። ልቆጣት እነሣና እተወዋለሁ።