የደከመው አሲድ

ራዲዮ ጠጋኙ መዳብ የተለበጠውን የኤሌክትሪክ ቦርድ በፕላስቲክ መቆንጠጫ ከአሲዱ አውጥቶ አየው። ሰዓት ሙሉ ተነክሮ መዳቡ ንክች አላለም። አሲዱ ስንቱን ቦርድ በልቶ ጠቁሯል።

"በቃ ሞቷል" አለ ወደ እህቱ ዞሮ፣ ከንፈሩን በደንብ እያንቀሳቀሰ። "ሌላ አሲድ ደግሞ የለኝም። መሄዱን ለሚቀጥለው ሳምንት አድርጊው።"

ታናሽ እህቱ በሃያ ዓመቷ ታማ መስማት ካቆመች ወዲህ የሰው ከንፈር እያየች ነው የምታወራው። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት አጠገብ ወደተከራየችው ክፍል ልትገባ ነው። እሱ ግን በር ሲደወል የሚበራ መብራት በዚህ ቦርድ ሳልሠራልሽ ንቅንቅ አትዪም ብሏት፣ እሷም ምን ቸገረኝ ብላ ቃል ገብታለታለች።

"ጋሼ፣ ሞቷል ነው ያልከው?" አጎንብሳ ሳህኑን አየች። "ለጎረቤታችን ለአናጢው ቦርድ ስትሠራለትስ እንዲሁ ጠቁሮ አልነበር? በዓሣ ገንዳ መንፊያ አየር ስትነፋበት ተነሣ። አየር ካገኘ አይሞትም ያልከኝ አንተው ነህ።"

"ያ ሌላ ነው" አለና ጀርባውን ሰጣት። ጀርባውን ሲሰጥ ክርክሩ አበቃ ማለት ነው፤ ከንፈሩን ካላየች ምን ትመልሳለች! ወይ ጉድ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ትከሻውን ይዛ አዞረችው።

"በእኔ ሞት፣ እውነቱን ንገረኝ። እንዳልሄድብህ ነው አይደል?"

አፈረ። "ቤቱ ጭር ሊልብኝ ነዋ" አለ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ እኮ! ምን ነካህ?"

መስኮቱን ከፍቶ መንፊያውን አመጣ፤ ቱቦውን አሲዱ ውስጥ ነክሮ ሶኬቱን ሰካ። አረፋው ይንተከተክ ጀመር። ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ፤ ጥቁሩ ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ዞረ።

"ተነሣልህ!" አለች እያጨበጨበች።

ያጠበውን ቦርድ መልሶ ሊነክር ሲል እጁን ያዘችው። የማርከር ቀለም የሸፈነው መዳብ ሳይነካ ይቀራል፣ ሌላውን አሲዱ ይበላዋል፤ ይህን ስታይ ነው የኖረችው። የተሳሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ጠቆመች።

"ይቺ ወደ ደወሉ፣ ይቺ ወደ መብራቱ። ይቺኛዋስ?"

ቢዋሽ ማን ያውቅበታል? "በርሽ በተደወለ ቁጥር ወደ እኔ ስልክ መልእክት የምትልክ ናት" አለ። "እንዲያው... ሐሳብ እንዳይገባኝ ብዬ።"

አልተቆጣችም። "ጋሼ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቴ እኮ ነው" አለችው።

ጠጋኙ ምላጭ አነሣ። የዚያችን መስመር ቀለም ከዳር እስከ ዳር ፋቀና ቦርዱን አሲዱ ውስጥ ነከረው።