ዕቃው ተሻገረ

አናጢው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያደራጅ ኖሮ የራሱን ቤት ጠቅልሎ መኪና ላይ የጫነው ስድሳውን ካለፈ በኋላ ነው። ነገሩን የጠነሰሰችው ልጁ ናት። ያለቻቸው አንድ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም ከወንዙ ማዶ ባለው አገር አግብታ፣ ሥራ ይዛ ተቀምጣለች። "እናንተ እዚያ ሁለት፣ እኛ እዚህ ሁለት፤ ምን የሚሉት ኑሮ ነው?" እያለች ስትጎተጉታቸው ከረመች። እናትየው ቶሎ ተሸነፈች። አባትየው ግን ዕቃዬን ጥዬ አልሄድም አለ።

"አባዬ፣ ዕቃ እዚህም ሞልቷል። ሻንጣ ብቻ ይዛችሁ ኑ።"

"በእንግድነት የምመጣ ከሆነ ሻንጣ ይበቃኛል። ልኖር ከሆነ ግን አልጋዬን ይዤ ነው የምመጣው።"

እውነቱን ለመናገር አልጋው ሰበብ ነበር። ልቡ ያለው ቁምሳጥኑ ላይ ነው። ሊያገባ ሲል ለሚስቱ የሠራው ባለ ሁለት በር ቁምሳጥን፣ እንጨት ከእንጨት ተቆላልፎ በእንጨት ሽብልቅ የቆመ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ሚስማር ያልነካው። እንግዳ በመጣ ቁጥር "እስቲ ሚስማር ፈልጉልኝ" ብሎ ሰዉን ከማዕድ ያስነሳል። ሚስቱም "የለውም ብላችሁ እመኑትና ብሉ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ" ትላለች።

ቤቱን ሸጡ፤ ቁልፉን ለገዢው አስረከቡ። ዕቃውን የሚያሻግርላቸው ሾፌር "ደረስኩ" ይባላል። ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ስልክ አንስቶ "ደረስኩ፣ ደረስኩ" ስለሚል። እንዲያም ሆኖ መንገድ ላይ ጠንቃቃ ነው። አናጢው ቁምሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ ወጥሮ፣ ከላይ ሸራ አልብሶ አስጫነው። የመሥሪያ ዕቃዎቹን፣ መጋዙን፣ መላጊያውን፣ መሮዎቹን በሙሉ በሳጥን አድርጎ ከሥሩ አስቀመጠ።

ድንበሩ ላይ የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው። በሁለቱ አገሮች መሃል አንድ ወንዝና አንድ ድልድይ ብቻ አለ። የዚህኛው አገር ሰዎች ፓስፖርታቸውን አይተው ማህተም መቱና "መልካም መንገድ" አሏቸው። መኪናው ቀድሞ ተሻገረና ማዶ ያለው የጉምሩክ ግቢ ገባ፤ መንገደኛ የሚሻገረው በእግሩ ስለሆነ ባልና ሚስት ድልድዩን ተከትለው መጡ። ማዶ መስኮቱ ላይ አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ሹም ተቀምጧል። የሚስቱን ወረቀት አየ፤ ማህተም መታ። የእሱን አየ። ኮምፒውተሩን ነካካ። እንደገና ነካካ።

"አባት፣ እርስዎ የሉም።"

"የት?"

"እዚህ።" ኮምፒውተሩን በጣቱ ጠቆመ። "የባለቤትዎ የመግቢያ ፈቃድ ገብቷል። የእርስዎ አልገባም።"

"አንድ ቀን፣ አንድ ላይ እኮ ነው ያመለከትነው።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ይኸው አለሁ እኮ፤ ፊትህ ቆሜያለሁ።"

ወጣቱ ቀና ብሎ አየው፤ ፊቱ ላይ ንቀት አልነበረም። "አዎ፣ እያየሁዎት ነው። እዚህ ግን የሉም። ከዋናው መሥሪያ ቤት እስኪላክልኝ ድረስ ላስገባዎት አልችልም። ይመለሱና ነገ ይሞክሩ።"

ቢያመናጭቀው ኖሮ አናጢው መልስ አያጣም ነበር፤ በወጣትነቱ አፉ የሚሰንፍ ሰው አልነበረም። ሹሙ ግን ትሑት ነው። ለትሑት ሰው ምን ይባላል?

"እንግዲያው ሁለታችንም እንመለሳለን" አለች ሚስቱ። ወጣቱ ፈቃዷ የአንድ ጊዜ መግቢያ መሆኑን፣ ከወጣች እንደሚቃጠል፣ ዕቃውም ግቢ ከገባ ወዲያ ባለቤት ካልቀረበለት እንደሚወረስ በዚያው ለስላሳ ድምፁ አስረዳት። ደረስኩ ከግቢው መጥቶ አጠገባቸው ቆሟል።

"መኪናው ከዚህ የሚወጣው ወደፊት ብቻ ነው፣ እማማ" አላት።

"ለምን? የኋላ ማርሽ የለውም?"

"ማርሽስ አለው። ፈቃድ የለውም።"

አናጢው ሚስቱን ገለል አድርጎ "ሂጂ" አላት። "ነገ፣ ቢበዛ ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ።"

"ካፖርትህስ?"

"መኪናው ላይ ነው።"

"መድኃኒትህስ?"

እሱም መኪናው ላይ ነው፤ መኪናው ደግሞ ተቆልፎበታል፤ ሳይፈተሽ ጫፉ አይነካም ተባሉ። ቦርሳዋን ከፈተች። ግማሽ ዳቦና የስልክ ቻርጀር አውጥታ ሰጠችው። ሌላ የምትሰጠው አልነበራትም። ተሰነባበቱ ማለት ይከብዳል፤ ቅርብ ቦታ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ሄደች። እሱ ድልድዩን ብቻውን መልሶ ተሻገረ። ቅድም "መልካም መንገድ" ያሉት ሰዎች ምንም ሳይሉ አሳለፉት።

ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣ በወንዙ ዳር፣ የሽቦ አጥር አለ። ከዚያ ሆነው ሲያዩ የማዶው ግቢ ፊት ለፊት ይታያል፤ የሰው መልክ አይለይም እንጂ ማን ምን እንደሚያነሳ ይታወቃል። አጥሩ ሥር አንድ ተሸካሚ ተቀምጧል፤ ግዙፍ በመሆኑ "ክሬን" ብለው የሚቀልዱበት፣ ከዚህ ኬላ ሌላ ሥራ የማያውቅ ሰው።

"ያንተ ነው?" አለው ክሬን፣ መኪናውን በአገጩ እያሳየ።

"የኔ ነው።"

"እንግዲህ ቁጭ በል፣ ጋሼ። ዛሬ ጠንካሮቹ ናቸው ያሉት። ሁሉንም ያወርዱታል። ሲያወርዱ ብዙ ናቸው፤ ሲጫን ግን አታገኛቸውም።"

እንዳለውም ሆነ። ሸራው ተገፈፈ። ፍራሹ ወረደ፣ አልጋው ወረደ፣ ድስቶቹ በየካርቶናቸው ወረዱ፣ ሚስቱ ለስንት ዓመት ሰው ፊት ያላወጣቻቸው ልብሶች ሲሚንቶው ላይ ተዘረጉ። ቤታቸው ጣራና ግድግዳ ተነስቶለት ሜዳ ላይ የተቀመጠ መሰለ። ሚስቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች፤ አንዱን አጣጥፋ ሳትጨርስ ሌላውን ይበትኑባታል። አናጢው የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ ቆመ።

ቁምሳጥኑ በመጨረሻ ወረደ። አንዱ ፈታሽ ጀርባውን በጣቱ ቆረቆረው። ሌላውን ጠራ። ያም ቆረቆረ። የአናጢው ስልክ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት።

"ጀርባው ድርብ ነው፣ መሃሉ ምን አለ ይሉኛል።"

"ምንም የለም። እርጥበት እንዳይገባ ብዬ ነው ድርብ ያደረግሁት። ማየት ከፈለጉ ይከፈታል፤ ከላይ፣ ከክፈፉ ሥር ሁለት ሽብልቆች አሉ። በእጅ ይወጣሉ። እነሱ ከወጡ ጀርባው ወደ ላይ ይሳባል። ስልኩን ስጪው፤ እኔ ልንገረው።"

ፈታሹ ስልኩን ተቀበለ። አናጢው ገና "የኔ ወንድም" ከማለቱ ሰውየው ስልኩን ለሚስቱ መለሰላት። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፦ "እኔ የምነጋገረው ከባለቤቱ ጋር ነው።"

"ባለቤቱ እሱ ነው፤ በእጁ ነው የሠራው።"

"ወረቀቱ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"ንገሪው" አለ አናጢው። "ሽብልቁን ንገሪው። በእጅ ነው በይው።"

ነገረችው። ስትነግረው ይሰማል። ሰዎቹ ግን የብረት ዘንግ ይዘው መጥተዋል። አናጢው ነጻ እጁን አንስቶ ማወዛወዝ ጀመረ፤ ማንም ወደዚህ አያይም። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ሁለት ጊዜ ተሰማው፤ መጀመሪያ በስልኩ፣ ከዚያ በወንዙ ላይ።

"ምን አገኙ?" አለ ቆይቶ።

"ምን ያገኛሉ?" አለች ሚስቱ። "የእንጨት ብናኝ አገኙ።"

ከሰዓት በኋላ ደመናው ወረደ። ፍተሻው አልቋል፤ ፈታሾቹ ወደ ጥላ ገብተዋል፤ ክሬን እንዳለውም የሚጭን የለም። ደረስኩና ሚስቱ ሁለቱ ብቻ አልጋውን ሲያነሱ ዝናቡ ጀመረ። አናጢው ደወለላት። ስልኩ ይጠራል፤ አታነሳም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሸራውን ስትጎትት አየ። ፍራሹን ታለብስ ይሆናል ብሎ ጠበቀ፤ ፍራሹን ትታ ቁምሳጥኑን አለበሰች። ከዚያም ነፋሱ እንዳይገልጠው የሸራውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ እዚያው ቆመች።

"ተዪው" አለ አናጢው። "ጥላ ግቢ። ተዪው።"

"አይሰሙህም፣ ጋሼ" አለ ክሬን። ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። "እኔም እዚህ ሆኜ ስንቱን ሰው ጠርቻለሁ።"

"አንተ እንኳ ሄደህ ብታግዛት?"

"እኔ የዚህኛው ወገን ተሸካሚ ነኝ። ከድልድዩ ወዲያ አንድ ጆንያ ባነሳ ይከሱኛል።"

አናጢው ሽቦውን ይዞ ወደ ማዶ ማየቱን ቀጠለ። ሚስቱን ሲያገባት ወገቧ ቀጭን ነበር፤ አሁንም ከሩቅ ሲያያት የዚያን ጊዜዋን ትመስላለች። ሊረዳት የሚችልበት አንድም መንገድ ቢያስብ ቢያስብ አጣ። ሲመሽ አካባቢ መኪናው ተጭኖ አለቀ፤ አጫጫኑ ጠማማ ነው፣ ከማዶ ሆኖ እንኳ ያስታውቃል። ሚስቱን ይዞ ወጥቶ ሄደ። ክሬን ርካሽ አልጋ ወዳለበት ቤት ወሰደው።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ደወለች። "እማዬ ደህና ናት፤ ትንሽ ጉንፋን ይዟታል። ዕቃው ገብቷል። አንተስ?"

"እኔ ደህና ነኝ። ቁምሳጥኑ ቆመ?"

ከበስተጀርባዋ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል።

"ያ ምንድነው?"

"እሱ ነው" አለች፤ ባሏን ማለቷ ነው። "ጀርባው አልይዝ ብሎ በሩ እየተንጋደደ ስላስቸገረ... ሊያጠብቀው ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየለፋ ነው፣ አባዬ። እማዬ ተው ብላው ነበር፤ እሱ ግን አንተ ስትመጣ እንዳይከፋህ ብሎ ነው።"

"ሚስማር ነው የሚመታው?"

"አዎ።"

አናጢው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አማቹ ጥሩ ሰው ነው፤ ቢሮ የሚውል፣ መዶሻ ይዞ የማያውቅ። አሁን ተው ቢለው ቁምሳጥኑ ወድቆ ይቀራል። ቢፈቅድ ደግሞ...

"በይው፣ ረጅሙን አይምታ" አለ በመጨረሻ። "ረጅሙ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። አጭር ይፈልግ።"

ኳኳታው ለጥቂት ጊዜ ቆመና ቀጠለ።

በየጠዋቱ ድልድዩን እየተሻገረ መስኮቱ ጋ ይሄዳል። ወጣቱ ሹም አሁን አሁን ገና ከሩቅ ሲያየው የለም ለማለት ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዴ "ደህና አደሩ፣ አባት?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከልቡ ነው የሚጠይቀው። አንድ ቀን ለራሱ ያመጣውን ሻይ በመስኮቱ አቀበለው። አናጢው ጠጥቶ አመሰገነና ተመለሰ።

የሚያድርበት ቤት ባለቤት፣ እሱ አናጢ መሆኑን ስትሰማ ደስ አላት። የክፍሏ በር እየታከከ አልዘጋ ብሏታል፤ "እስቲ ጋሼ፣ እጅዎን ይሞክሩበት" አለችው። በሩን አየው፤ ከታች ትንሽ መላግ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሻይ እስኪፈላ የማይፈጅ ሥራ። መላጊያ ግን የለውም። መሮም የለውም። እጁን በበሩ ጠርዝ ላይ አስኪዶ "ዕቃዬ ሲመጣ" ሊል ጀመረና ተወው። ዕቃው እኮ አይመጣም፤ የሚሄደው እሱ ነው። ሴትየዋም አልገፋችበትም፤ በሩን እንደ ድሮው በእግሯ እየገፋች መዝጋቷን ቀጠለች።

ሚስቱ መጀመሪያ ሰሞን በየሰዓቱ ትደውል ነበር። "አልጋውን በመስኮቱ በኩል ላድርገው ወይስ በግድግዳው?" "ያንተን ወንበር የት ላስቀምጠው?" እሱም ያላየውን ክፍል በዓይነ ኅሊናው እየለካ ይነግራት ነበር። እያደር ጥያቄው ቀነሰ። አንድ ቀን ራሱ ጠየቃት፦ "ወንበሬን የት አደረግሽው?"

"በረንዳ ላይ አውጥተነዋል። ቤቱ ጠበበ። ስትመጣ እናስገባዋለን።"

"ጥሩ ነው" አለ።

እሑድ ግን ራሷ በአውቶቡስ መጣች። ፈቃዷ እንዳይቃጠል ድልድዩን አትረግጥም፤ የማዶው ግቢ አጥር ሥር መጥታ ቆመችና ደወለችለት። እሱም ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። በሁለቱ አጥሮች መሃል ወንዙ አለ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እሷ ያያል።

"ከስተሃል" አለችው።

"ከዚያ ሆነሽ በምን አወቅሽ?"

"ሱሪህ ሰፍቶሃል።"

"የክሬን ሱሪ ነው። የኔን አጥቤ አስጥቼዋለሁ።"

ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። ጉንፋኑ እስካሁን አልለቀቃትም። መድኃኒቱን ገዝቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ገዝቻለሁ አላት። ቁጭ በል አለችው፤ ቁጭ አለ። እሷም ቦርሳዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ስለ ጎረቤቶቿ አወራችው፤ ቋንቋቸው ገና እንዳልገባት፣ አንዲቱ ሴት በየቀኑ መጥታ ቁምሳጥኑን እየዳበሰች የማይገባትን ነገር እንደምትላት።

"ማን ሠራው እያለች ይሆናል" አለ።

"ይሆናል። ባሌ ነው እላታለሁ በእጄ። የት ነው ትለኛለች፣ እሷም በእጇ።"

"ምን ትያታለሽ?"

"ወደዚህ፣ ወደ ወንዙ አሳያታለሁ።"

ከዚያ ብዙም አላወሩ። ስልኩ እንደተከፈተ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ ተቀመጡ። አሥር ሰዓት አካባቢ አንድ ጥበቃ መጥቶ ሚስቱን ከአጥሩ እንድትነሳ ነገራት። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። "በሚመጣው እሑድ እመጣለሁ" አለችው።

"በሚመጣው እሑድ እኔው እመጣለሁ።"

"እሺ" አለች።

አውቶቡሱ ከማዶ ዛፎቹ ጀርባ እስኪገባ ድረስ በዓይኑ ሸኛት። ከዚያ ክሬን ሱሪውን ስለሚፈልገው የራሱ ደርቆ እንደሆነ ሊያይ ወደ ማደሪያው ወጣ።