የጠፉት አራት ቀበሌዎች

ደጅይጥኑ የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሰቆጣ የመጣው በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ ዝም አለ። ሠርካለምን ያስጠረጠራትም ይኸው ዝምታ ነበር።

ሠርካለም በእንስሳት ጤና ክፍሉ አሥራ ስድስት ዓመት መዝገብ የያዘች ሴት ናት። ከየወረዳው በዲስኬት የሚመጣውን የፍየል ክትባት ዝርዝር የሚያጠቃልለው ፕሮግራም ቀድሞ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የጽሑፍ ጎርፍ ይለቅ ነበር። አሁን ልጁ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፤ ማሽኑ ትንፍሽ ሳይል ድምሩን ያወጣል።

"ያ ሁሉ ጽሑፍ የት ገባ?" አለችው።

"ጫጫታ ነው እኮ፣ እትዬ። ‘ይህን ከፈትሁ፣ ያንን ዘጋሁ’ እያለ ዓይን ያደክምዎታል። እንዲጥለው አዘዝሁት።"

የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ብሎ ማሽን አፍ ያሲዛል? አለች በልቡናዋ። ከዚያ ወዲያ እጁን ትጠብቅ ጀመር። ስትገባ ወንበሩን ካዞረ ያዘችበት፤ ቢስቅላትም ያዘችበት።

የኅዳሩ ማጠቃለያ ሲወጣ ሰሃላ ወረዳ ሰባት ቀበሌ ሆና አገኘቻት። በወረዳው ደብዳቤ ግን አሥራ አንድ ናቸው። የክትባት መድኃኒቱ የሚከፋፈለው በዚህ ዝርዝር ነው። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት።

"አራቱን ማን ዋጣቸው?"

ፊቱ ቀላ። "እኔን ነው የሚጠረጥሩኝ?"

"አዎ፣ አንተን።"

ጽሑፉን ጣል የሚለውን የትእዛዙን ጭራ አጠፋና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣው። ጽሑፉ ዓይን ከሚከተለው በላይ ሮጠ። ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል ገለበጠና "ስህተት" የሚለውን ቃል ብቻ አስፈለገው። ከዘጠኝ መቶ መስመር አራት ወጡ፦ የቀበሌው ስም ከመዝገቡ አልገጠመም፣ ታልፏል።

ሠርካለም ጎንበስ ብላ ስሞቹን ጮክ ብላ አነበበች። የወረዳው ጸሐፊ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ እንደሚጠሩት ነበር የጻፋቸው፤ መዝገቡ ግን በአማርኛ ነው የያዛቸው። አራቱንም ለየቻቸው።

"ጫጫታውን ስጥል ስህተቱንም አብሬ ጥየዋለሁ" አለ። "አላወቅሁም፣ እትዬ።"

ስሞቹን እሷ እየነገረችው አስተካከለ። ትእዛዙንም ለወጠው፤ ተራው ወሬ ፋይል ውስጥ እንዲገባ፣ ስህተቱ ግን ስክሪኑ ላይ እንዲታይ። ሐሙስ ዕለት ክትባቱ ለአሥራ አንዱም ቀበሌ በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሰሃላ ወረደ።

ይቅርታ አልጠየቀችውም። ሰኞ ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ስክሪኑ ባዶ ነበር፤ አንድም ስህተት የለ። ሠርካለም ከኋላው ቆመች።

"ፋይሉን ክፈተው። ራሴ ልየው።"

ደጅይጥኑ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት።