ለሁለት ስም አንዲት ምስክር

ደወሉ የሚባለው ሰዓት ጠጋኝ ሁለት ስሞች ነበሩት፤ ከሁለቱ አንዱን እንኳ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ያለ አይመስልም ነበር። የመጀመሪያውን አባቱ፣ ሕፃኑ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ብቻውን ሄዶ አስመዘገበ። እናቱ ስሙን የሰማችው ወረቀቱ ቤት ከደረሰ በኋላ ስለ ነበር፣ በማግስቱ ሌላ አወጣችለት፤ ልጇንም በባሏ ምርጫ እስከ ዕለተ ሞቷ ጠርታው አታውቅም። ልጁ በመታወቂያ የአባቱ፣ በቤት የእናቱ ሆኖ አደገ። ሱቅ በከፈተ ጊዜ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሃያ ሰባት ሰዓቶች እየተቀዳደሙ ይጮኹ ስለ ነበር፣ ሰፈሩ ወላጆቹን ሁለቱንም ንቆ ደወሉ አለው።

እናቱ ስትሞት በእርሷ ስም የነበረውን የሱቁን የኪራይ ውል አወረሰችው። ትንሿ የሱቅ ክፍል ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ጎባጣ ጀርባ በላይ አትችልም፤ ሆኖም ጎባጣው ጀርባ የሚያድረው በእርሷ ነበር። አሮጊቷ ከሞት አፋፍ ላይም እልኋን አልጣለችምና፣ በኑዛዜው ያሰፈረችው ራሷ ያወጣችለትን ስም ነው። አከራዩ ድርጅት ኑዛዜውንና መታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው አለ። ስሙን በኑዛዜው ወዳለው በሕግ አስለውጦ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው ስሞች መሆናቸውን በምስክር አስረግጦ ወሩ ሳያልቅ ካላመጣ፣ ክፍሏ ለሌላ ትሰጣለች። የሰው ሰዓት በቀጠሮው አስረክቦ የማያውቀው ደወሉ፣ ሰነድ ወደሚረጋገጥበት ቢሮ የሄደው በወሩ የመጨረሻ ቀን ነበር።

ከቢሮው አጥር ሥር ምስክርነት የሚሸጡ ሰዎች ተደርድረው ይውላሉ። ያለቻቸውን አንዲት ክራቫት ለባልደረቦቹ በተራ የሚያውሰው አለቃቸው፣ ደወሉን ከሩቅ ሲያይ ተነሥቶ ሄዶ አቀፈው፤ ስንት ዘመን ተጠፋፋን ብሎም ወቀሰው። ከወቀሳው በኋላ ዋጋ መጣ። የልጅነት ጓደኝነት አንድ ዋጋ አለው፤ ዝምድና ጨመር ይላል፤ በመሐላው መካከል ድምፁ የሚሰበር ምስክር ከተፈለገ ደግሞ እንባው ለብቻው ይታሰባል። ደወሉ ዝቅተኛውን ጠየቀ። ዝቅተኛው የግማሽ ወር ገቢው ነበር። እውነት በነፃ እያለች ውሸትን ሸምቶ መግባት አንገበገበው፤ ገንዘቡ በኪሱ ቢኖር ኖሮ ግን ይህ የኅሊና ጥያቄ ባልተነሣ።

ስለዚህ ሮጦ ጎረቤቱን ፀጉር አስተካካይ አመጣ። ሰውየው የአንድ ደንበኛውን ግማሽ ፂም ሳይላጭ ትቶ ነው የተከተለው። ልቡ ቀና ነበር፤ አፉ ግን ከቤት እስከ ቢሮ ስላልተዘጋ፣ ደወሉ ሁለቱን ስሞች ሊነግረው ፋታ አላገኘም። መዝጋቢዋ አስማለችውና፣ ይህን ሰው በምንና በምን ስም ታውቀዋለህ አለችው።

ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያውን አየ። “ደወሉ።”

“እሱ ቅጽል ነው። ሌላስ?”

“ጋሽ ደወሉም እንለዋለን።”

መዝጋቢዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሻሸች። ምስክር ከዛሬ በፊት በተጻፈ ወረቀት ሁለቱንም ስሞች ማወቁን ካሳየ ብቻውን እንደሚበቃ፣ ቢሮውም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ነገረቻቸው። እንዲህ ያለ ወረቀት በዚህ ዓለም ላይ ይኖር እንደሆነ ደወሉ አሰበ። አንድ ነበረ፤ እንዲያውም ከመቶ በላይ ነበሩ። ሁሉም ግን በእርሱ ላይ የተጻፉ ነበሩ።

ከሱቁ ግድግዳ ማዶ ልብስ ሰፊዋ ትኖራለች። ሰዓቶቹ የተሰቀሉት በእርሷ ራስጌ ባለው የጋራ ግድግዳ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ጩኸታቸው ለአከራዩ፣ ለሰፈሩ ጽሕፈት ቤት፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አመልክታለች፤ ውሳኔው የፊታችን ሐሙስ ይሰጣል። በየአቤቱታዋ ግርጌም፣ ተከሳሹ በአንዱ ስሙ በኩል ሾልኮ እንዳያመልጣት፣ የመዝገቡንም የእናቱንም ስም ጽፋለች። ሁለቱንም የነገረቻት ሟች እናቱ ናት፤ ባሏን ለማማት ስትመጣ።

ደወሉ በሯን ሲያንኳኳ፣ ልብስ ሰፊዋ በአፏ መርፌዎች ይዛ ጨርቅ ትለካ ነበር። ጉዳዩን እየተንተባተበ ነገራት። ከኋላው የተከተለው ፀጉር አስተካካይ ግን፣ እንደ ልማዱ፣ የማይባለውን አለ፤ እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ከክፍሏ ከተነቀለ እኮ ሰዓቶቹም አብረው ይነቀላሉ፣ እርስዎም ይገላገላሉ ብሎ እፎይታዋን አበሰራት። ደወሉ በዓይኑ ገደለው።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። “እሱ ሲወጣ ሰዓቶቹ ይወጣሉ፤ ፍርዱስ? ዘጠኝ ዓመት የከሰስኩት ሰው የለም ይባልልኝ?”

ደወሉ ምን እንደሚከፍላት በፍርሃት ጠየቀ።

“እኔ አንተን የምጠላህ በነፃ ነው” አለች፤ ነጠላዋንም አነሣች።

የአቤቱታዎቿን ግልባጮች በከረጢት ይዛ ቢሮው ገባች። መዝጋቢዋ ከአመልካቹ ጋር ያላትን ግንኙነት ስትጠይቅ፣ ጠላት ነኝ አለች። ቅጹ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ብቻ እንደሚል ተነገራት። ትንሽ አሰበችና፣ ጓደኛ ተብሎ እንዳይጻፍባት አስጠንቅቃ ጎረቤት መባሉን ተቀበለች። ስንት ዘመን ታውቂዋለሽ ለሚለው ደግሞ “ሠላሳ አንድ ዓመት፤ ዘጠኙን ጠለቅ አድርጌ” ብላ መለሰች።

መዝጋቢዋ ወረቀቶቹን ጮክ ብላ እያነበበች ማገላበጥ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ እያንዳንዱን ጩኸት በቀንና በሰዓት መዝግባለች፤ በእኩለ ቀን ሃያ ስድስቱ እየተቀዳደሙ፣ ከዚያ ዘግይቶ የነቃ አንድ ሰነፍ ሰዓት ለብቻው ስድስት ጊዜ። ደወሉ አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። ዕድሜውን እንዲህ በጥንቃቄ የጻፈለት ሌላ ፍጡር የለም። ከዚያ መዝጋቢዋ አንድ ገጽ ላይ ቆመች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች።

“በዚህ ሳምንት ሰባቱንም ቀን ጸጥታ ነበር። እናቱ ሞታለች። አቤቱታ የለኝም።”

ያን ሳምንት አንዱንም ሰዓት አለመሙላቱን ያወቀ ሰው ይኖራል ብሎ ደወሉ አስቦ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን እያየች፣ ያ ገጽ ለጉዳዩ ስለማያስፈልግ ይታለፍ አለች። መዝጋቢዋ ግን ማኅተሙን አንሥታ ያሳረፈችው ያን ገጽ እፊቷ እንደ ዘረጋች ነበር።

ወረቀቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከአከራዩ እጅ ገባ። ክፍሏ ተረፈች። ሁለቱ ወደ ቤት የተመለሱት ግን፣ ከችሎት በፊት ከተከሳሽ ጋር መታየት ነውር ነው በማለቷ፣ እርሷ በአንዱ የመንገድ ዳር፣ እርሱ በሌላው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ችሎቱ ሞልቶ ዳኛው የተከሳሹን አዲስ ሕጋዊ ስም ጮክ ብለው ጠሩ። ማንም አልተነሣም። ደግመው ጠሩ። ደወሉ፣ እናቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራው ሰው ስላልነበረ፣ የሚቀርበውን ምስኪን ለማየት ከሰው ጋር አብሮ አንገቱን ያንጠራራ ነበር።

ከከሳሽ ወንበር በኩል ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠራችው፤ እናቱ ትጠራው በነበረው ስም።

“አንተን እኮ ነው፤ ተነሣ።”