ይግባኝ የሌለበት ደጅ

«‹ሌባ› የሚለውን አወጣዋለሁ» አለ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ የደንበኛውን ቃል በእስክሪብቶው እየሰረዘ። «‹ንብረቴን ያላግባብ የያዘብኝ› እንበለው። ዳኛ ፊት አፍ እንዳመጣ አይወራም።»

«ሌባ ነዋ! ሌላ ምን ልበለው?» አለች ሴትዮዋ።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በአንድ አሮጌ ጃንጥላ ተከልሎ የሰው አቤቱታ ሲጽፍ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ስድብ ይዞ የመጣውን ሁሉ ጨዋ ቃል አልብሶ ይሸኘዋል። ማመልከቻውን ሁሉ «ክቡርነትዎ» ብሎ ስለሚጀምር ሰፈርተኛው በዚያው ቃል ይጠራዋል። ገበያ ሲወጣ እንኳ ሽንኩርት ሻጮቹ «ክቡርነትዎ፣ ምን እንመዝንልዎ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ከልቡ ይስቃል።

ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ጎረቤቱ ልብስ ተኳሿ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ደረሰች።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይነሱ! እትዬ እየጠሩዎት ነው። አተነፋፈሳቸው ምንም አላማረኝም።»

ወረቀቱን ለሴትዮዋ እንዳለ ሰጥቷት ተነሣ። ሐኪሞቹ «እንግዲህ ቤቷ ትሁን» ብለው ሚስቱን ከሸኟት ወዲህ፣ ሥራው ላይ የሚውለው ይህን ጥሪ እየፈራ ነበር።

አልጋዋ መንገዱን እንድታይበት ወደ መስኮቱ ተጠግቷል። ትራስ በትራስ ተደግፋ፣ ፊቷ አንድ እፍኝ አክሎ፣ ዐይኗ ግን ያው የጥንቱ ዐይኗ ነበር።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ የኔ እመቤት።»

«በል ጸልይልኝ።»

ደነገጠ። እዚያ ቤት ጸሎት የእሷ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ «አሜን» ይላል። ስትታመምም ያላስጸለየው ሰው የለም፤ ራሱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«ቄሱን ልጥራልሽ?»

«እሳቸው ትናንት ጸለዩልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ዛሬ ያንተን ነው የምፈልገው። እኔ ስሄድ በማን አፍ ልትጸልይ ነው? እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

የኮቱን ቁልፎች ቆላልፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉሮሮውንም ጠረገ።

«ክቡርና ልዑል አምላክ ሆይ፤ እኔ አመልካች፣ ባለቤቴ ያደረባትን ሕመም በተመለከተ፣ በታላቅ ትሕትና…»

ሚስቱ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ሳል ሆነና ልብስ ተኳሿ ደግፋ ቀና አደረገቻት።

«አንተ ሰው» አለች ትንፋሽ ስታገኝ፣ «ማኅተም ብቻ ነው እኮ የቀረህ!»

«ታዲያ እንዴት ልበል? እግዚአብሔር ነው እኮ! ለተራ ዳኛ ቃል የምመርጥ ሰውዬ፣ እሱ ፊት ልዘባርቅ?»

«መፍራትህስ ደግ ነው። ተንበርከክ፣ ማን ከለከለህ? ግን አባትህ ነው። ክርስቶስ በሩን የከፈተልን ደጅ ላይ ቆመን እንድናመለክት አይደለም። ግባና ንገረው።»

ተንበረከከ። የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠ። ስለ ስንቱ ሰው የተናገረ አፍ ለራሱ ሲሆን ተሳሰረ።

«አባቴ» አለ በመጨረሻ፣ ካፉ የወጣችውን ቃል እየፈራ። «አባቴ፣ አትውሰድብኝ። እሷ ከሌለች እዚህ ቤት በምን እግሬ እገባለሁ? ሻዩን እንኳ ስኳሩን የምትለካልኝ እሷ ናት። እባክህ፣ አትውሰድብኝ።»

የቀረው ለቅሶ ሆነ። ልብስ ተኳሿም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አበዛሁት መሰለኝ» አለ ዐይኑን እየጠረገ። «ትእዛዝ ሆነብኝ።»

«እንዳለ ይሂድ» አለች ሚስቱ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ። «አሜን።» በዕድሜያቸው «አሜን» ባዩ ሲለወጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ፀሐይ ከመስኮቱ ሳትሸሽ ሚስቱ ዐረፈች። እጇ እጁ ውስጥ ነበርና መሄዷን ያወቀው በጣቶቿ ነው። አልጮኸም።

«ነገርኩት እኮ» አላት ቀስ ብሎ። «እንዳልሽኝ ገብቼ ነገርኩት።»

ልብስ ተኳሿ እያለቀሰች የሟቿን ዐይን ከደነች፤ አንሶላውንም አስተካከለች።

«ጋሼ፣ ቄሱን ልጥራቸው?»

ፍርድ የተፈረደባቸውን ሰዎች ሲያጽናና «አይዞህ፣ ይግባኝ አለ፤ ከዚህ በላይ ሌላ ችሎት አለ» ማለት ልማዱ ነበር። ዛሬ እምቢ ያለው ግን ከበላዩ ማንም የሌለበት ነው። ተቆጥቷል፤ መቆጣቱንም አልካደም። እንደ ድሮው ከሰው ኋላ ቆሞ «አሜን» ብሎ ዕድሜውን መጨረስ ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም። ነገር ግን ይህን ቁጣና ይህን ሐዘን ለማን ይነግረዋል? ቢያስበው ቢያስበው፣ ያው እምቢ ካለው በቀር ማንም አልመጣለትም።

«ጥሪያቸው» አለ። «እስኪደርሱ ግን እኔ ልጀምር።»

ጎረቤቲቱ ወጣች። እሱም ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ከአልጋው ሥር ተንበረከከ።

«አባቴ» አለ፣ «እኔው ነኝ። ተመልሼ መጣሁ።»