ጨነቅ ላይ የሠለጠነችው ልጅ

የልጅቱን አገር ስም አልጠራም። አንዴ አፌን ከፍቼ የመጣውን አይቻለሁና ባሕር ማዶ ያለ አንድ አገር ነው በሉና እለፉት።

እኔ ዋሴ እባላለሁ፣ ደባርቅ ነው ቤቴ። ሥራዬ ስካውት ነው። ቱሪስት ጠመንጃ የያዘ ሰው ሳያጅበው የሰሜን ተራራ ፓርክ ውስጥ አይገባምና፣ ምንሽሬን አንግቼ ከፊት ከፊት የምሄደው ሰውዬ እኔ ነኝ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ምንሽር አንዲት ጥይት ወጥታ አታውቅም። የሚስቴ ወንድም ዘመነ ዳባት ላይ እህል ነጋዴ ነው፣ ደህና ሀብታም። እኔን ሰው ፊት ሲያስተዋውቅ "ይሄ ደግሞ የጭላዳ ዘበኛችን ነው" ይላል። ሰው ይስቃል። ሚስቴ ሠርካለም አንገቷን ትደፋለች። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ካቻምና በጥቅምት ኢርማ የምትባል ልጅ ብቻዋን መጣች። የጥርስ ሐኪም ልትሆን የምትማር ናት። አስጎብኚዋ ሃብተ ጊዮርጊስ ነበር፤ ልጅነቱን ሁሉ ፈረንጅ ሲከተል ያደገ ነውና ቋንቋው አይቸግረውም። አራት ቀን አብረን ሄድን። ልጅቱ ዳገት ላይ ታለከልካለች፣ ቁልቁለት ስታይ ግን ትሮጣለች። "ቀስ በይ! ኧረ ቀስ በይ አንቺ ልጅ!" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከአማርኛ የያዘችው ይቺኑ "ቀስ በይ" ብቻ ነው። ጨነቅ የሚባለው ማረፊያ ስንደርስ ጉንጬ ማበጡን አይታ አፌን አስከፈተችኝ፣ በስልኳ መብራት አየችና ክኒን ሰጠችኝ፣ ይነቀል አለች። ቤቴ ያሉት እንኳ አንድ ቀን "ጥርስህ እንዴት ነው?" ብለውኝ አያውቁም። ልጄን መሰለችኝ፣ ምን ልበላችሁ።

በማግስቱ ጠዋት መሣሪያህን ልያዘው አለች። ሁሉም ይላሉ። ጥይቱን አውጥቼ ሰጠኋት፣ ሃብተ ጊዮርጊስም ፎቶ አነሳን። እሷ ምንሽሩን ታቅፋ ትስቃለች፤ እኔ ከጎኗ ኮስተር ብያለሁ። ፎቶ ላይ መሳቅ አልወድም፣ በዚያ ላይ ጥርሱ አለ። ከኋላችን ድንኳን፣ ቡታጋዝ፣ ጓዟን የጫነች በቅሎ፣ ሣር የሚነጩ ደረተ ቀይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች። ፎቶው ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። አገሯ ስትገባ ከነስሜ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው።

አምና ሰኔ ላይ እዚያ አገሯ የአውቶቡስ ዋጋ እጥፍ ሆነ አሉ። ተማሪው አደባባይ ወጣ፣ ቀጥሎ ሠራተኛው ወጣ፣ ኋላ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ወጡ። እኔ ይህን ሁሉ ከየት ልወቅ? የሰማሁት ገበያው ዳር ስልክ የሚጠግነው ሙሰዓብ ከመንገድ ጠርቶኝ ነው።

"አያ ዋሴ፣ ና እስቲ። ይሄ አንተ አይደለህም?"

እኔው ነኝ። የመንግሥታቸው ቴሌቪዥን ላይ፣ በቀይ ቀለም ተከብቤ። ሙሰዓብ ስልኩ የተረጎመለትን እያየ አነበበልኝ። የእኛ ሕዝብ በራሱ አይቆጣም፣ አስቆጥተውት ነው ይላል ቴሌቪዥኑ። አመፁ የተጠነሰሰው አፍሪካ ተራራ ላይ ነው። እኔ "ኮማንደር ዋሲ" ነኝ። በቅሎዋ መሣሪያ አመላላሽ ናት። ቡታጋዙ ፈንጂ ነው። ፎቶው ሲጎላ ይደበዝዛልና፣ ጭላዳዎቹን "ፊታቸውን የሸፈኑ ሥልሳ ያህል ሠልጣኞች" አሏቸው። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ነገርስ? የአመፁ ዓርማ! አንድ ጡረታ የወጣ ጄኔራል በዘንግ እየጠቆመ፣ አቀማመጣቸው ከፍተኛ ዲሲፕሊን ያሳያል አለ።

እኔና ሙሰዓብ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ያ ሳቅ እስካሁን ይቆጨኛል።

በሳምንቱ አንድ የእኛው ዩቲዩበር "ሰበር መረጃ! ከሰሜን ተራራ የተነሳው አመፅ!" ብሎ ያንኑ ለቀቀው። ከዚያማ ማን ይመልሰው! ደባርቅ ውስጥ ማስረጃ የሌለው ሰው ጠፋ። ጠላ ቤት ብገባ አንዱ፣ ልጅቱ በዘንጓ ተራራውን ስትለካ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ሌላው፣ ሥጋ አልበላም ስትል ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር ይላል። ይባስ ብሎ የበቅሎዋ ባለቤት፣ ያ ጎመንና ፓስታውን በገዛ እጁ የጫነው ሰውዬ፣ "ጭነቱ ከብዶኝ ነበር" አይል መሰላችሁ!

"አንተ አይደለህም እንዴ የጫንከው?" አልኩት።

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ግን ፓስታውን ከፍቼ አላየሁትም።"

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

እኔ እውነቱን ተናገርኩ። ስካውት ነኝ፣ ልጅቱ ተማሪ ናት፣ አልኩ። እነሱ ግን እርስ በርሳቸው ተጠቃቅሰው "ተዉት፣ መናገር አይችልም" ተባባሉ። ጭራሽ አከበሩኝ። ሰላምታዬን የማይመልስ ሰውዬ ወንበር ይለቅልኝ ጀመር። አንቱ ተባልኩ። ሠርካለም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ መንገድ ይለቁላታል። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የጭላዳ ዘበኛ ስባል ኖሬ አንድ ቀን መንግሥት ገልባጭ ስባል እንዴት ደስ አይለኝ? በሦስተኛው ሳምንት ማስተባበሉን ተውኩት። ሲጠይቁኝ ወደ ተራራው አያለሁ።

ኅዳር ላይ ሃብተ ጊዮርጊስ ፊቱ ጠቁሮ ቤቴ መጣ።

"ጋሼ፣ ኢርማን አሰሯት።"

"ምን አድርጋ?"

"አደባባይ ለወጣው ሰው ውኃ ስታድል። ክሱ ግን እሱ አይደለም፣ ፎቶው ነው። ተራራ ላይ ሠልጥና የመጣች ናት ብለው ከሰሷት። እህቷ ናት የጻፈችልኝ።"

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ሁሉ የእኔ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጠበቃዋ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው ራሱ ማን እንደሆነ በቪዲዮ ይናገር። በዚያው ቀን ሙሰዓብ ሱቅ ሄድን። መታወቂያዬን አሳየሁ። "ስካውት ነኝ። ምንሽሩን ጥይቱን አውጥቼ ነው የሰጠኋት። ከኋላ ያሉት ጭላዳዎች ናቸው፣ እንስሳ ናቸው። ልጅቱን ያስተማርኳት ቁልቁለት ላይ ቀስ ማለትን ነው፣ እሱንም አልተማረች" አልኩ። ሃብተ ጊዮርጊስ ተርጉሞ ላከው። ጠበቃው በጣም ጥሩ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ተቀብሎታል አለ። ውሳኔው ለየካቲት ተቀጠረ። እህቷ "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ልትፈታልን ነው" ብላ ጻፈች። ያን ዕለት እህል በደንብ በላሁ።

ጥር ላይ ዘመነ ልጁን ዳረ። ዳባት ሄድን። በፊት ዳሱ ውስጥ የሚያስቀምጠኝ ከበሩ አጠገብ ነበር፤ ያን ቀን እጄን ይዞ ከካህናቱ ቀጥሎ አስቀመጠኝ። ጠጁን ራሱ ቀዳልኝ። አዝማሪው ስሜን እየጠራ አሞገሰኝ። ከዚያ ዘመነ ተነሣና "በሉ እንግዲህ፣ ኮማንደራችን ይፎክርልን!" አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሠርካለምን አየኋት፤ አንገቷን አልደፋችም፣ ቀና ብላ ትስቃለች።

የፉከራን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ። አያቴ ሲፎክር ሰባት ዝሆን ገዳይ ነበር። ዝሆን በስዕልም አይቶ አያውቅም፤ የገደለው አንድ ጅብ ነው፣ እሱም ገደል ገብቶ ነው የሞተ። ግን አንድ ሰው ተነሥቶ "ዝሆኖቹ የት አሉ?" ብሎት አያውቅም። ፉከራ ላይ እውነት የሚናገር ሰው አለ እንዴ? ዱላ ተቀብዬ ብድግ አልኩ።

"ዘራፍ! ዘራፍ!
ጨነቅ ላይ አስነጥሶ፣ ባሕር ማዶ የሚያስደነግጥ፣
በአንዲት ልጅ በአንድ ምንሽር፣ ቤተ መንግሥት የሚያናውጥ!
አሠልጥኖ የሚልካት፣ በበቅሎ ጭኖ መሣሪያ፣
የባሕር ማዶ ንጉሥ፣ ያጣበት መሸሸጊያ!"

ዳሱ ተናወጠ። ሴቶች እልል አሉ። ዘመነ አቅፎ ሳመኝ። ስንት ስልክ ተደቅኖብኝ እንደነበር ልብ አላልኩም። ልብ ብልስ ምን ይታየኝ ነበር? ሠርግ ላይ ሁሌም ይቀረጻል።

በዘጠነኛው ቀን ፉከራዬ በእነሱ ቋንቋ ተተርጉሞ በመንግሥታቸው ቴሌቪዥን ወጣ። "አሠልጥኜ የላክኋት እኔ ነኝ፣ መሣሪያውን በበቅሎ ጭኛለሁ።" ያ ጄኔራል እንደገና መጣ፤ ዱላዬ የማዕረግ ምልክት ነው፣ እልልታውም የጦርነት ጥሪ ነው አለ። ዐቃቤ ሕጉም ሁለቱን ቪዲዮ ለዳኛው አሳየ። አንደኛው ለፍርድ ቤት ተብሎ የተዘጋጀ ነው አለ፤ ሁለተኛው ግን ሰውዬው በወገኖቹ መካከል ሆኖ በነጻነት የተናገረው ነው።

ሙሰዓብ ይህን ሱቁ ውስጥ አንብቦልኝ ሲጨርስ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ደብራችንን የሚያገለግሉትን ቄስ ሀብተ ሚካኤልን ለመንኳቸው። እሳቸውም ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ ፉከራ ምን እንደሆነ፣ ሲፎክሩ የሚነገር ነገር እንደ ምስክርነት እንደማይቆጠር፣ የአያቴን ዝሆኖች ሳይቀር ጠቅሰው ሁለት ገጽ ጻፉ። የደብሩን ማኅተም አደረጉበት። ላክነው። በሦስተኛው ቀን ማኅተሙ በቀይ ተከቦ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፤ "የድርጅቱ የሃይማኖት ክንፍ" ተባለ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ዕድሜያቸው ሰማንያ ሁለት ነው፣ ያለ ሰው ድጋፍ ደረጃ አይወጡም። "ልጄ፣ ከዚህ በላይ ብንጽፍ የምንጎዳት እኛው ነን" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የካቲት ላይ ዘጠኝ ዓመት ፈረዱባት።

ዳባት ሄጄ ለዘመነ ነገርኩት። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የእኔንና የኢርማን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ሰቅሎታል። ትንሽ ተከዘና "ምን ይደረግ፣ ትግል ዋጋ ያስከፍላል" አለኝ።

"ማንን ነው የሚያስከፍለው?" አልኩት። "አንተን ነው? እኔን ነው? ልጅቱ እኮ ጥርስ ልትነቅል ነው የተማረችው! አውቶቡስ ተወደደ ብለው ለወጡ ሰዎች ውኃ ነው የሰጠችው! እኔ የጭላዳ ዘበኛ ነኝ፣ ገባህ? የጭላዳ ዘበኛ!"

ፎቶውን ቀድጄ ወጣሁ። ሠራተኞቹ ከኋላዬ "አትፍረዱበት፣ ወታደሩ ተይዛበት ነው" ሲሉ ሰማኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ሃብተ ጊዮርጊስ ስልኩን ይዞ መጣ። የኢርማ እናት ናት የላከችው አለ። እስከዚያ ቀን አንድም ቃል ልካልኝ አታውቅም። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። በሩ ላይ እንደቆመ ተረጎመልኝ።

"ልጄን የማውቃት ይመስለኝ ነበር። የሠርጉን ቪዲዮህን ደጋግሜ አየሁት። እኔ እናቷ ነኝ፣ ለማንም አልናገርም። እዚያ ተራራ ላይ ልጄን ምን አስተማርካት?"

"ምንም አላስተማርኳትም፣ ቀስ በይ ነው ያልኳት፣ በላት። በልጆቼ ስም እምላለሁ በላት" አልኩት። ሃብተ ጊዮርጊስ ቃል በቃል ጻፈው። መልሱ ወዲያው መጣ። አነበበና ስልኩን ወደ ደረቱ አዞረው።

"ምን አለች?"

"ጋሼ፣ ይቅር።"

"ንገረኝ እንጂ!"

"ገብቶኛል፣ መናገር እንደማትችል አውቃለሁ፣ ነው ያለችው። ልጄን በርቺ ብለህ ስላሠለጠንካት አመሰግንሃለሁ፣ ትላለች።"