የአንድ ቀን እናት

“እማዬ፣ ድቡ ተነሳ” አለ ሲልቪዩ፣ የመምህርቱን እጅ እየጎተተ።

ምን እንዳለ የገባው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ጓደኞቹ ግን ቀደሙት።

“ቲቸርን እማዬ አላት!” አለች ሩክሳንድራ።

“ጡጦ አምጡለት” አለ ኮስሚን።

ከመንደር ድረስ ድብ ለማየት ጋላትስ ከተማ መካነ አራዊት የመጡት የአንደኛ ክፍል ልጆች ድቡን ትተው በሲልቪዩ ሳቁ። ልጁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እናቱ ጣሊያን አገር የሰው አሮጊት ትጦራለች፤ እሱን የሚያሳድገው አያቱ ነው። ይህንን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

መምህርት ዶምኒካ ሌላ ጊዜ ቢሆን “ቲቸር ነው የሚባለው” ብላ አርማው ታልፍ ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ አንጀቷን በላው። ባሏን ቀብራለች፤ ልጅ አልወለደችም። የሰው ልጅ ስታስተምር ጸጉሯ ሸበተ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ግን “መጣሽ?” የሚላት የለም። ብቸኝነቱ ሰልችቷታል።

“ወይ ልጄ” አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረች። “ምን ያስገለፍጣችኋል? እዚህ ግቢ እስካለን ድረስ የሁላችሁም እናት እኔ ነኝ። የጠፋ ሰው ‘እማዬ’ ብሎ ይጥራኝ።”

ማን ይቻላቸው! ነገሩ ጨዋታ ሆነና አረፈው።

“እማዬ፣ ሽንቴ መጣ።”

“እማዬ፣ ኮስሚን ዳቦዬን ገመጠብኝ።”

“ወይ፣ ወይ፣ ነዝናዞች” ትላለች ዶምኒካ። አፏ ይቆጣል እንጂ ልቧስ ቅቤ ጠጥቷል። ሌሎቹ ከዝንጀሮ ወደ ሰጎን ሲሯሯጡ ሲልቪዩ እጇን አለቀቀም። ሲደክመው ቀሚሷን ተደግፎ ይቆማል። እሷም ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ ነገር ስታሰላስል ቆየች፤ የተኩላዎቹ አጥር ጋ ሲደርሱ ድፍረት አገኘች።

“ቅዳሜ ቤቴ ትመጣለህ? አያትህን እኔ አስፈቅዳለሁ። የፖም ኬክ እጋግርልሃለሁ።”

ልጁ ቀና ብሎ አያት።

“እማዬ!” አለ።

“ወይ” አለች ዶምኒካ።

ልጁ ግን የሚጮኸውን ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ነበር። እናቱ ናት፣ በቪዲዮ የደወለችው።

“የኔ ጌታ፣ አሮጊቷ ሸለብ ሲያደርጋት እኮ ነው ሮጬ የደወልኩት። ምን እያያችሁ ነው?”

“ተኩላ።”

“እስቲ አሳየኝ።”

ሲልቪዩ በአንድ እጁ ስልኩን ወደ አጥሩ ዘረጋ። ስልኩ ወደ ላይ ተንጋለለበት።

“ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ልጄ። ማን አለ አጠገብህ?”

“ቲቸር” አለ ሲልቪዩ።

ሌላው እጁ አሁንም ዶምኒካ እጅ ውስጥ ነው፤ ሞቃት ነው፣ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ልቀቂኝ አላላትም። ዶምኒካ ለጥቂት ጊዜ ይዛው ቆየች።

ከዚያ ጣቶቿን ፈታች።

“በሁለቱም እጅህ ያዘው” አለችው፤ ስልኩ ውስጥ እንዳትታይም ወደ ኋላ ራቅ ብላ ቆመች።